እግር ያለው አፈር

የያዙኝ ከስብሰባ ላይ ነው፤ አዳማ፣ የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ። የደን ሠራተኛ ነበርኩ። ከግድቡ በላይ ያለው የግራር ኮረብታ ተመንጥሮ የአምራቾች ማኅበር እርሻ ይሁን ሲባል እጄን አወጣሁና፣ "ግራሩ ከተነሣ አፈሩ ወርዶ ግድቡን ይሞላዋል" አልኩ። ስብሰባውን የሚመራው ካድሬ ፈገግ አለ።

"አፈር እግር አለው እንዴ?"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከበሩ ስወጣ ሁለት ሰዎች ክንዴን ያዙኝ። ክሴ አሻጥር ነበር።

ያስገቡኝ የድሮ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ቆርቆሮው ቀን ቀን ይፋጃል፤ ግድግዳው አሁንም ነቀዝ የበላው ማሽላ ይሸታል። እዚያ ሆኜ ያ ሳቅ ከጆሮዬ አልወጣም። ያን ካድሬ እጄ ላይ ጣልልኝ እያልኩ እጸልይ ነበር።

ጣለልኝ። በሁለተኛው ክረምት በሩ ተከፈተና እሱን ራሱን ገፍትረው አስገቡት። የተገረፈ እግሩ መርገጥ አቅቶታል። ኮረብታው ተመንጥሮ፣ ግድቡ በደለል ሞልቶ፣ የመስኖው ውሃ ሲጠፋ ጥፋተኛ ተፈለገ፤ እሱ ተገኘ። ክሱም የእኔው ነው፤ አሻጥር። ደስ አለኝ። ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል።

ውሃ ከዚያው ከግድቡ ወንዝ በትልቅ ባልዲ ይመጣልናል፤ ክረምት ላይ ቀይ ነው። እስኪጠልል ጠብቀን ከላይ ከላዩ እንጠጣለን። ቀጂው እኔ ነበርኩ። ሰውዬው ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ወደ እኔ ተሳበ።

"ወንድሜ፣ ውሃ።"

ወንድሜ አለኝ! ጭራሽ አላወቀኝም። ጣሳውን ወደ ባልዲው ታች ሰድጄ ጭቃውን ላማስልለት ስል የእጄን አንጓ አንድ ሰው ጨበጠው። የዚያው ኮረብታ ግርጌ ገበሬ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ግራሩ አይቆረጥ ብለው ነው የታሰሩት።

"ኢልማኮ፣ ልጄ፣ ተው" አሉኝ በኦሮምኛ ጀምረው። "እኛም ገና አልጠጣንም። ያንተን ቂም እኛ ለምን እንጠጣ?"

ጣሳውን ወደ ላይ መለስኩት። ከዚያ ጥሩውን ከላዩ ቀስ ብዬ ቀዳሁና ጣሳውን በሁለት እጄ ሰጠሁት። ጭልጥ አደረገው። ሁሉም ጠጥቶ ሲያበቃ ባልዲውን ታች ከቀረው ጭቃ ጋር ወስጄ ራስጌው አስቀመጥኩለት።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ኮረብታዎ ነው፣ ጓድ። እግር አለው፤ ይኸው እርስዎ ድረስ መጣ።"

ያን ጊዜ አወቀኝ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ባልዲውን ግን አላነሣሁለትም።

አሁን አሁን ልጄ፣ "አባዬ፣ ይቅር አልከው?" ትለኛለች። ጥሩ ውሃ አጠጥቼዋለሁ እላታለሁ፤ ይቅርታውን ኮረብታው ግራር ሲያበቅል እንነጋገርበታለን። ባለፈው ክረምት አብረን በመኪና በኮረብታው ሥር አለፍን። ልጄ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ብዙ አየችው። ኮረብታው አሁንም ድንጋይ ብቻ ነው።