«ተስማምተዋል» ብዬ የጻፍኩት

አባቴ «በሰላም ሂጂ፣ በቶሎ ተመለሺ» ብሎ አልሸኘኝም። «በቶሎ እንዳትመለሺ» ነው ያለኝ። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ በነበረው በጋ፣ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ከቤት ወጣን። ጎረቤት እንዳይጠረጥር ሠርግ የተጠራን መስለን ነበር የለበስነው፤ እሱ ያቺኑ አንዷን ሙሉ ልብሱን፣ እኔ የሟች እናቴን ጥልፍ ቀሚስ። ቦሌ እስክንደርስ ስለ ስንዴ መወደድ አወራን። መግቢያው ላይ ስንደርስ ነው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ ያንን ያለኝ፤ ከዚያ ዞሮ ሳያየኝ ሄደ።

እኔ ፖለቲከኛ አልነበርኩም። የውሃ መሐንዲስ ነበርኩ። በቀበሌያችን የምርጫ ታዛቢ ሆኜ አንድ ቀን ዋልኩ፣ በቃ ይኸው ነው። ግን አብሮኝ የታዘበው የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ከጠረጴዛው ተነሥቶ ተወሰደ፤ ከሳምንት በኋላ ደግሞ ሁለት ሰዎች መጥተው የእኔን ስም ዘበኛውን ጠየቁት። ከምርጫው በፊት የተፈቀደልኝ የሁለት ሳምንት ሥልጠና ነበር፣ ለንደን። በዚያ ወጣሁ።

የለንደን ብርድ እንደኛ አገር ብርድ እንዳይመስላችሁ። የተወለድኩት ደብረ ብርሃን ነው፤ ብርድ አውቃለሁ። የደብረ ብርሃን ብርድ ጠዋት ቢመታችሁ ረፋድ ላይ ፀሐይ ወጥታ ትክሳችኋለች። የዚህኛው ካሣ የለውም። መጠጊያ ያገኘሁት ኬንቲሽ ታውን፣ እትዬ ጥሩነሽ ዘንድ ነው። በደርግ ዘመን የወጡ ሴት ናቸው፤ አማርኛቸውም እዚያው ዘመን ላይ ቆሟል፤ ሱፐርማርኬትን እስከ ዛሬ «ኅብረት ሱቅ» ነው የሚሉት። የሚያከራዩኝን ክፍል ሲያሳዩኝ አልጋው በሩን አላስከፍት ብሎ ተቸገርን።

«እትዬ፣ ክፍሉ ትንሽ ጠበበ» አልኳቸው።

«አንቺስ ምን ታክያለሽ!» አሉኝ። ሳቅሁ። ለንደን ከገባሁ የመጀመሪያው ሳቄ እሱ ነበር።

ጥገኝነት ጠይቄ ክሮይደን፣ የስደተኞች ቢሮ፣ ለኢንተርቪው ተጠራሁ። ጠያቂዬ ጉንፋን የያዘው ጨዋ ሰው ነበር።

«መሐንዲስ ነኝ ብለሻል። ማስረጃሽ የታለ?»

«ዲግሪዬን አገሬ ትቼው መጣሁ።»

«ለምን?»

«የሁለት ሳምንት ሥልጠና የሚሄድ ሰው ዲግሪውን ተሸክሞ አይሄድም። ቢሄድ አየር ማረፊያ ላይ ይነቃበታል።»

ጻፈ። «እንግዲያው መሐንዲስነትሽን የሚያሳይ ምንም ነገር የለሽም ማለት ነው።»

«ጠይቀኝ። ስለ ውሃ የፈለግኸውን ጠይቀኝ።»

ፎርሙን ገልበጥ ገልበጥ አደረገና «ስለ ውሃ የሚጠይቅ ቦታ የለውም» አለኝ፤ ከልቡ አዝኖ። አስተርጓሚው ያገሬ ሰው ነበር፤ ስንወጣ «እህቴ፣ አጠር አጠር አድርጊው። የሚጽፈው የነገርሽውን አይደለም፤ ፎርሙ ላይ ያለው ሳጥን ውስጥ የሚገባለትን ነው» አለኝ። ሌሊቱን ሙሉ ተንገበገብኩ። ሕይወቴ በሳጥን መጠን ተቆርጦ ሲጻፍ ቁጭ ብዬ ማየቴ ነበር ያንገበገበኝ። እኔም አንድ ጊዜ ፎርም ይዤ ሰው ፊት መቀመጤ ያኔ ትዝ አላለኝም። ትዝ ያለኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ የምነግራችሁም እሱን ነው።

ወረቀት እስካገኝ ጠበቅሁ። ካገኘሁ በኋላ ብሪክስተን የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ አዛውንት እያጠብኩ ስድስት ዓመት ሥራ አፕላይ አደረግሁ። «የዚህ አገር ልምድ አለሽ?» ይሉኛል። «ልምዱን እንድትሰጡኝ ነው የመጣሁት» እላለሁ። «ልምድ ሲኖርሽ ተመለሺ» ይሉኛል። በመጨረሻ አንድ አነስተኛ የመሐንዲሶች ድርጅት በንድፍ ረዳትነት ወሰደኝ፤ በኮንትራት። አለቃዬ ፒተር ይባላል። አቶ ሳልል በስሙ ብቻ ለመጥራት አንድ ወር ፈጀብኝ። ደግ ነው፤ ግን ሁልጊዜ ይቸኩላል።

በሁለተኛው ዓመት አንድ ሥራ ከአውስትራሊያ መጣ። በረሃ ውስጥ የሚኖሩ አቦርጂናሎች አሉ፤ ነጭ ከመምጣቱ በፊት ጀምሮ የአገሩ ባለቤት የነበሩ ሕዝቦች ናቸው። ለአንዱ መንደራቸው ከሩቅ ጉድጓድ ውሃ የሚያደርስ ቧንቧ ይዘረጋል፤ ንድፉን እኛ እንሠራለን። መስመሩን የማውጣቱ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። ከሳተላይት የተነሣውን ፎቶ ዘርግቼ አጭሩን መንገድ መረጥኩ። ድንጋይ የለበትም፣ ቁልቁለቱም ልክ ነው። ከዲግሪዬ ወዲህ እንደዚያ የኮራሁበት ሥራ አልነበረም።

ከዚያ ከመንደሩ ሰዎች ጋር በቪዲዮ ስብሰባ ተደረገ። በእኛ ጠዋት ነው፣ በእነሱ ምሽት። ስክሪኑ ላይ አንዲት ሽበታም እናት ተቀምጠዋል፤ ከኋላቸው አራት አምስት ሴቶች። «አንቲ ጆይስ» ይሏቸዋል፤ እኛ «እትዬ» እንደምንለው መሆኑ ነው። ፒተር ሥዕሉን አሳየ፤ አብራራ፤ ስለ ውሃው ግፊት፣ ስለ ማጠራቀሚያ ጋኑ ተናገረ። ሲጨርስ «ጥያቄ ወይም ቅሬታ ይኖራል?» አለ።

አንቲ ጆይስ ሥዕሉን ያዩታል። ዝም። ከኋላቸው ያሉትም ዝም። ፒተር ትንሽ ጠበቀና «በጣም ጥሩ፤ እንግዲህ ተስማምተናል» ብሎ ብዕሩን አነሣ።

ያንን ዝምታ አውቀዋለሁ።

ከምርጫው ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ደቡብ ቆላ ውስጥ ወደሚገኝ የከብት አርቢዎች መንደር ጥልቅ ጉድጓድ ለማስቆፈር ተልኬ ነበር። ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው፤ የመንግሥት መኪና አለኝ፣ ሾፌር አለኝ፣ ካሎ የሚባል የአገሩ ልጅ ያስተረጉምልኛል። ሽማግሌዎቹ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ውሃው ቅርብ የሆነበትን፣ ለቁፋሮ መኪናውም የሚመቸውን ቦታ አሳየኋቸው። «ቅሬታ ያለው አለ?» አልኩ። ማንም አልተነፈሰም። ሾፌሩ ሞተር አስነሥቷል። ቃለ ጉባኤው ላይ «ማኅበረሰቡ በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል» ብዬ ጻፍኩና አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክሬ አስፈረምኳቸው።

ውሃው ወጣ። ቦታው ግን የሁለት ጎሳ ግጦሽ የሚለያይበት ወሰን ኖሯል፤ ጠብ እንዳይነሣ ማንም ከብቱን እንዳያሳድርበት ከአያቶቻቸው ጀምሮ የተማማሉበት ምድር። ውሃ ሲፈልቅበት የሁለቱም ከብት መጣ። በቀጣዩ በጋ በዚያ ጉድጓድ አፍ ላይ አንድ ጎልማሳ ተገደለ፤ እማማ ናሌ የሚባሉ የመንደሩ እናት ልጅ፣ የጥሎሽ ከብት እያሰባሰበ የነበረ። እኔ ይህን የሰማሁት ፓምፕ ለማስጠገን ስመለስ ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ሳይቆጣ፣ «ያን ቀን ዝም ያልነው እያሰብን ነው። እኛ ዘንድ ከባድ ነገር ሲጠየቅ ሰው አድሮ ነው የሚመልሰው። አንቺ ግን አላደርሽም» አለኝ። ፓምፑን አስጠግኜ ተመለስኩ። ሪፖርቴ ላይ ስለ ፓምፑ እንጂ ስለ ሟቹ አንድ መስመር አልጻፍኩም። ቦታ አልነበረውም።

«ፒተር፣» አልኩ። «አልተስማሙም እኮ። ገና አልመለሱልንም።»

ፒተር በጣም ደንግጦ አየኝ። አንቲ ጆይስም ቀና አሉ። እንግሊዝኛ አንቱታ ስለሌለው ተቸገርኩ፤ በሰውነቴ ጎንበስ ብዬ ነው አንቱ ያልኳቸው።

«ያልጠየቅናችሁ ነገር ካለ ይንገሩን» አልኩ።

«አንቺ ልጅ፣ ከየት ነሽ? የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ።

እዚህ አገር ከመጣሁ የማን ልጅ እንደሆንኩ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። የአባቴን ስም ነገርኳቸው፤ የተወለድኩበትን፣ ተራራውን፣ ብርዱን ነገርኳቸው። ለምን አገሬ መመለስ እንደማልችልም ነገርኳቸው። ሴቶቹ እርስ በርስ ተነጋገሩ።

«አሁን ከማን ጋር እንደምንነጋገር አወቅን» አሉ አንቲ ጆይስ። «መስመራችሁ የሴቶች ቦታ ላይ ያልፋል። ምን እንዳለበት አልነግርሽም። ለወንድ አይነገርም፤ ወረቀት ላይም አይሰፍርም። በዚያ አትሂዱ ብቻ ነው የምልሽ። ይበቃሻል?»

«ይበቃኛል፣ እትዬ» አልኩ። እትዬ ያልኩት በአማርኛ ነው፤ አመለጠኝ።

ስብሰባው ሲያበቃ ፒተር በሩን ዘጋ።

«ምክንያት እፈልጋለሁ። ደንበኛው ገንዘብ ከፍሎ ነው የሚያሠራን፤ ‘አንዲት ሴትዮ አትሂዱ አሉ’ ብዬ ሪፖርት ልጽፍለት ነው?»

«አዎ። ልክ እንደሱ ጻፈው።»

«ቢያንስ ካርታው ላይ ወሰኑን ላስቀምጠው?»

«እሱንም አይፈልጉትም። በአካል ተገኝታ አብራቸው የምትሄድ ሴት መሐንዲስ ታስፈልጋለች። መስመሩ የሚያልፍበትን እነሱ ያሳዩን፤ የማያልፍበትን እኛ አንጠይቅ።»

«ሰብለ፣ ወራት ይፈጃል እኮ። ሥራውን ልናጣው እንችላለን። ያንቺም ኮንትራት በሰኔ ነው የሚያበቃው፤ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ» አልኩት። ሥዕሉ ጥግ ላይ «ያዘጋጀው» የሚል ቦታ አለ። «እዚያ ላይ ግን አልፈርምም።»

ከዚያም ተቀምጬ ያንን የቆላውን ታሪክ በሙሉ ነገርኩት። ለአባቴ እንኳ ያልነገርኩትን። ፒተር የሰማኝ ሰዓቱን ሳያይ ነው፤ ስጨርስ «የሟቹ ስም ማን ነበር?» አለኝ። አላውቀውም ነበር። የእናቱን ስም እንጂ የእሱን ጠይቄ አላውቅም። ያፈርኩትን እፍረት እንዴት ልንገራችሁ።

ማታ ለእትዬ ጥሩነሽ ሳጫውታቸው ተቆጡኝ። «እንጀራሽን በገዛ እጅሽ! አገርሽ ላልሆነ አገር ሰው!» አሉ። ከዚያ ሽሮውን እያማሰሉ ቆዩና «ደግ አደረግሽ» አሉኝ፤ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

ፒተር ጻፈ። ደንበኛው ተናደደ፤ ሁለት ወር አኮረፈ፤ ከዚያ አንዲት የቅየሳ ባለሙያ ላከ፤ ከሴቶቹ ጋር ሳምንት ያህል በእግሯ ሄደች። ቧንቧው ተጠማዘዘ፣ ረዘመ፣ ወጪውም በዛ። ውሃው ሲደርስ እኔ እዚያ ድርጅት አልነበርኩም፤ ኮንትራቴ በሰኔ አልታደሰም። ፒተር «ከዚህ ጋር አይገናኝም» ብሎኛል፤ ይገናኝ አይገናኝ እግዜር ይወቅ። ፎቶ ግን ላከልኝ፤ አንቲ ጆይስ ከቧንቧው በእፍኛቸው ሲጠጡ። ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን ልቤን አላሳረፈውም፤ ለነዚያ ያደረግሁትን ለእኔዎቹ አላደረግሁም።

አሁን የፍሳሽ መስመር የሚፈትሽ መሥሪያ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። አንድ ዓመት ሙሉ በድሮ ባልደረቦቼ በኩል ያን አስተርጓሚዬን ካሎን አፈላለግሁት። የወረዳው ከተማ ውስጥ አስተማሪ ሆኗል። ስደውልለት ድምፄን ወዲያው አወቀው፤ አሁንም «ኢንጂነር» ነው የሚለኝ። የሟቹን ስም ጠየቅሁት፤ ሎሬ ይባል ነበር። እናቱ በሕይወት አሉ። በገበያ ቀን በስልክ ሊያገናኘኝ ተስማማ።

ቅዳሜ ደወልኩ። ከወዲያ የገበያው ጫጫታና የፍየል ጩኸት ይሰማል። «አጠገቤ ናቸው፤ ተናገሪ» አለ ካሎ። ብዙ ጊዜ የተለማመድኩትን ተናገርኩ። ያ ጉድጓድ እዚያ የተቆፈረው በእኔ ፊርማ እንደሆነ፣ ሳልጠይቅ «ተስማምተዋል» ብዬ እንደጻፍኩ፣ ሎሬ ከሞተ በኋላም ደጃቸው ሳልደርስ እንደተመለስኩ። ካሎ እየቆራረጠ አስተረጎመ። ሴትዮዋ ጥቂት ቃል ተናገሩ።

«ምን አሉ?»

«ይህ በስልክ የሚባል ነገር አይደለም ነው የሚሉት። ትምጣ፤ መጥታ ትቀመጥ፤ ያኔ እሰማታለሁ እያሉ ነው።»

መሳቢያዬ ውስጥ ሰማያዊ የስደተኛ ፓስፖርት አለኝ። ለሁሉም አገር ያገለግላል ይላል፤ ከኢትዮጵያ በስተቀር። ይህን እንዴት አድርጎ እንዲያስተረጉምላቸው እንደምነግረው ጠፋኝ።

«ኢንጂነር፣ ትሰሚኛለሽ?» አለ ካሎ። «እጄን ይዘው ቆመዋል። መቼ ልበላቸው?»