ሁለት ቀይ ስፌት

ልብስ ሰፊዋ ጨርቁን በጣቷ እያጠፈች ትሸነሽናለች፣ እጥፉን በመርፌ ትወሰውሳለች፣ እርጥብ ጨርቅ ደርባ ትተኩሰዋለች። ጫፉን ቀምቅማ ስትጨርስ በውስጥ በኩል በቀይ ክር አንድ ስፌት ትጥላለች፤ የእጇ ምልክት ነው።

ሽንሽን ቀሚስ ፋሽን በነበረበት ዘመን ደጇ ሰው አይጠፋውም ነበር። ከዚያ ሁሉ የቀራት ለሟች ታናሽ እህቷ የሰፋችው ብቻ ነበር፤ እሱ ላይ ሁለት ቀይ ስፌት ጥላበታለች። ትናንት ምራቷ ቁም ሳጥኑን ስታጸዳ ቀሚሱን ለአሮጌ ልብስ ሰብሳቢ ሰጥታ ሳፋ ተቀበለችበት።

«እማዬ፣ ዛሬ ማን ይለብሰዋል ብዬ ነው።»

«ባለቤቷማ አፈር ለብሳለች። እህቴን በሳፋ ለወጥሽብኝ፤ እሱም ያፈሳል።»

አሁን ያገኘችውን ሁሉ ትለምናለች፤ እናንተንም። «አሮጌ ሽንሽን ቀሚስ እጃችሁ ከገባ፣ ለትራስ ልብስ ከመቅደዳችሁ በፊት ጫፉን ገልብጡልኝ። ሁለት ቀይ ስፌት ካያችሁ የእህቴ ነው፤ መልሱልኝ።»