ሁሉም ፋይል «ልደት» የተባለ ጊዜ

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔ የተወጋሁት መካኒሳ፣ ከአንድ ዳቦ ቤት በላይ ባለች ቢሮ ውስጥ፣ ባልደረቦቼ ሁሉ በተቀመጡበት ነው። የወጋኝ የቡድናችን መሪ ነበር፤ በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ፣ ክረምት ከበጋ ጫማው የሚያብለጨልጭ ሰው። «ኮድ እኮ ወጥ አይደለም፣ ጨው በግምት የሚጨመርበት» አለኝ። ቢሮው በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ፈገግ አልኩ፤ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ያቺ ፈገግታ ናት።

ነፋስ ስልክ ለሚገኝ አንድ የግል ትምህርት ቤት የምዝገባ ድረ ገጽ ሠርተን ነበር። ወላጅ የልጁን የልደት ሰርተፍኬት ስካን አድርጎ ይልካል፤ መዝጋቢዎቹ ከፍተው ያያሉ። ሰነድ የሚቀበለውን ክፍል የጻፍኩት እኔ ነኝ። ምዝገባው እንደተጀመረ ከትምህርት ቤቱ ጩኸት መጣ፤ የአንዱን ልጅ መዝገብ ሲከፍቱ የሌላ ልጅ ሰርተፍኬት ይወጣል። መሪያችን ዓይኑን በጨው አጥቦ «የእሷ ኮድ ነው» አለ። የድርጅቱ ባለቤት ሰኞ ትምህርት ቤቱ ሄደን እንድናስረዳ ቀጠሮ ያዘና፣ «እስከዚያ ችግሩ ካልተገኘ ሌላ ሥራ ፈልጊ» አለኝ።

ያልፈተሽኩት ነገር የለም። የፋይል መጠን ገደቡን ከፍ አደረግኩ፤ ፋይሎቹ የሚቀመጡበትን ፎልደር ፈቃድ አየሁ፤ ቅጹን ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። የራሴን ሰርተፍኬት ከቢሮ፣ የእናቴን መታወቂያ ፉሪ ካለው ቤታችን ላክሁ። ሁሉም በየቦታው ቁጭ ብሎ ይገኛል። ለእኔ ይሠራል፣ ለወላጆች አይሠራም። እናቴ እራት ላይ ፊቴን አይታ ነገሩን አወጣጣችኝና፣ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት። ተይው ልጄ፣ ለእግዜር ስጪው» አለችኝ። እኔ ግን ጸሎቱን ተውኩት እንጂ ቂሙን አልተውኩም።

ቅዳሜ ጠዋት ሄጄ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። ድረ ገጹን የሠራነው ወላጅ ከየቤቱ ይልካል ብለን ነበር። የምን ከየቤቱ! ሰው ሁሉ ወረቀቱን በፌስታል ይዞ ከበሩ ፊት ለፊት ያለችው ኮፒ ቤት ተሰልፏል። እኛ አገር በኢንተርኔት ተመዝገብ ማለት ኮፒ ቤት ሂድ ማለት ነው፤ ይህን ደግሞ አንዳችንም አላሰብነውም።

የኮፒ ቤቷ ሴት ወረቀቱን ስካን ታደርጋለች፣ «ልደት» ብላ ሴቭ ታደርጋለች፣ ትልካለች። የሚቀጥለውንም እንደዚያው «ልደት»።

«ሁሉንም ልደት ነው እንዴ የምትዪው?» አልኳት።

«ታዲያ ምን ልበለው? ከላክሁት በኋላ ምን ያደርግልኛል? እዚያው በላዩ ላይ ነው ሴቭ የማደርገው፤ ዴስክቶፑ ይሞላብኛላ!»

እዚያው ቆሜ ሳቄ መጣ። የምንሠራበት ፍሬምወርክ፣ ማለትም ኮዳችንን የምናንጽበት ዝግጁ መሠረት፣ ለሚገባው ፋይል ሁሉ የማይደገም ረጅም ስም በራሱ ያወጣል፤ እኔም እንደዚያው ትቼው ነበር። «ይሄ ምን ዓይነት ስም ነው? ሰው እንዲያነበው አድርጌ አሳመርኩት» ብሎ፣ ፋይሉ ይዞት በመጣው ስም እንዲቀመጥ የቀየረው መሪያችን ነው፤ ያውም ቢሮው በሙሉ እየሰማ፣ በኩራት። እንግዲህ የሁሉም ስም «ልደት» ከሆነ፣ አዲሱ ፋይል የቀደመውን ያጠፋዋል። መጨረሻ የተላከው ሰርተፍኬት የሁሉም ልጅ ሰርተፍኬት ሆኖ ይቀራል።

ያኔውኑ ደውዬ መናገር እችል ነበር። አልደወልኩም። መሪያችን ሴት ልጁን እዚያው ትምህርት ቤት እንዳስመዘገበ አውቃለሁ። ሚስቱም እንደ ሰው ሁሉ ኮፒ ቤት ሄዳ ኖሯል። ቢሮ ተመልሼ የልጅቷን መዝገብ ከፍቼ የወጣውን ሳይ ከወንበሬ ተነሥቼ በባዶው ቢሮ ዞርኩ። ከዚያ ዘጋሁትና ሰኞን ጠበቅኩ። እንደዚያ ቀን የጣፈጠኝ እሑድ የለም።

ሰኞ ርዕሰ መምህሯ ቢሮ ተሰበሰብን፤ የድርጅታችን ባለቤት፣ መሪያችን፣ እኔና ሁለት መዝጋቢዎች። መሪያችን ሳይጠየቅ «ስህተቱ የእሷ ክፍል ላይ ነው፤ እኔ አስተካክለዋለሁ» አለ።

«በምሳሌ ባሳይ ይሻላል» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። «የሌላ ሰው ልጅ መዝገብ ከምንከፍት የራሳችንን እንክፈት። የልጅህን ብከፍት ትፈቅዳለህ?»

«ክፈቺ፣ ምን ችግር አለው» አለ እግሩን አጣምሮ።

ከፈትኩት። ርዕሰ መምህሯ መነጽራቸውን አስተካክለው ማንበብ ጀመሩ። «ጾታ፣ ወንድ» አሉና ቀና ብለው አዩት። ቀጥለው የአባትን ስም አነበቡ። የእሱ ስም አልነበረም።

«የኔ ወንድም፣» አሉት፣ «ይሄ ሰውዬ ማነው?»

አንደኛዋ መዝጋቢ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ባለቤታችንን ሳል ያዘው። መሪያችን ያጣመረውን እግር አወረደ። እኔ ደስ አለኝ። አልዋሽም፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

«ፋይሎቹን ሰው እንዲያነበው ብሎ ስማቸውን የቀየረው ማን ነበር?» አልኩ ወደ ባለቤቱ ዞሬ። እሱም ያን ቀን ቢሮ ነበረ፤ ሰምቷል። ጣቱን ሳያነሣ በዓይኑ ብቻ መሪያችንን አሳየ። የወጧን ነገር ልመልስለት አፌ ድረስ መጥታ ነበር፤ ዋጥኳት። ለሌላ ቀን ትሆናለች አልኩ።

ኮዱ በአንድ መስመር ተስተካከለ። የጠፉት ሰነዶች ግን አይመለሱም፤ ወላጆች ተጠርተው እንደገና መላክ ነበረባቸው። የሚደውለው እሱ እንዲሆን ባለቤቱ ወሰነ። «በስህተታችን ነው፣ እናቴ» ሲል ሰማሁትና ከጎኑ ሆኜ «በስህተቴ በል» አልኩት። አለ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ማስተካከያው መሥራቱን ለማየት ኮፒ ቤት ሄድኩ። ሴትየዋ አሁንም «ልደት»፣ «ልደት» እያለች ትልካለች፤ ሁሉም በየመዝገቡ ይገባል። ቀና ስል መሪያችን ፌስታል ይዞ ቆሟል፤ ሚስቱ የአሁኑን ራስህ ውሰደው ብላዋለች አሉ። ሰልፉን አይቶ ወደ እኔ ተጠጋ። ያ ጫማው በነፋስ ስልክ ጭቃ ተለውሷል።

«እባክሽ፣ በላፕቶፕሽ አንቺ ላኪልኝ። እስካሁን ያደረግሽኝ አይበቃም?»

ወረቀቱን ተቀብዬ የልጅቷን ስም፣ ከዚያም የአባቷን ስም ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩና መለስኩለት።

«ገና ጨው ይቀረዋል» አልኩት፣ የሰልፉን መጨረሻ በእጄ እያሳየሁት።