የእኔ ክፍል የት እንደደረሰ

ወንድሞችና እህቶች፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ዛሬ የማንበብ ተራው የኔ ነው። መጽሐፍ ቅዱሱን እንዳይያዝብን ፈታተን ስንካፈል ለኔ ከወንጌሉ ጥቂት ገጾች ደርሰውኝ ነበር። ዛሬ ግን ባዶ እጄን መጣሁ። ገጾቹ የት እንደደረሱ መመስከር እፈልጋለሁ። ቆሜ ስናገር የመጀመሪያዬ ነውና ታገሡኝ። ጌታ ይባረክ።

ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው ፊት ስቆም ጉሮሮዬ ይዘጋ ነበር። ደሴ ስማር ስሜ ሲጠራ እንኳ አቤት ማለት ስለሚያቅተኝ ስድስተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ ቤት ቀረሁ። እናታችን ስታርፍ ወታደር የሆነው ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ታደሰ ወደ አሰብ አመጣኝ። ሐኪም ዘንድም ወሰደኝ። ሐኪሙ አፌን አስከፍቶ በባትሪ አየና ጉሮሮዬ ጤነኛ እንደሆነ፣ የፍርሃት መድኃኒት ግን እሱ ዘንድ እንደሌለ ነገረን።

ጋሼ ለሥልጠና ሲሄድ ብቻዬን ቀረሁ። ጎረቤቴ እትዬ አስናቀች እዚህ እናንተ ዘንድ ያመጡኝ ያኔ ነው። የመጣሁት ብቸኝነት ገፍቶኝ እንጂ አምኜ አልነበረም። ድምፃችን ውጭ እንዳይሰማ በሹክሹክታ ስለምንዘምር እኔ ከንፈሬን ማንቀሳቀስ ብቻ በቃኝ። ማንም አላወቀብኝም።

ገጾቻችንን በአብዮቱ የውይይት ክበብ መጽሐፍ ቀይ ሽፋን የሸፈንነው ያንን በፈቃዱ የሚከፍት ሰው የለም ብለን ነው። ልክ ነበርን። የረሳነው ወንድሜን ብቻ ነው። እሱ የሚሠለጥነው ለካድሬነት ነው። ጦር ሜዳ ወርዶ ወታደሩን የሚያበረታታ፣ ሲጨንቀው የሚያናግር እሱ ሊሆን ነው።

ለአብዮት በዓል ፈቃድ አግኝቶ ዓርብ መጣ። ሲመለስ በጓዶቹ ፊት ንግግር ስለሚያደርግ የክበቡን ቀይ መጽሐፍ ሊያነብ ይዞ ነበር። ቅዳሜ ከቀበሌው ጋር ሰልፍ ወጥቼ ስመለስ ሸሚዙን አውልቆ ጣራው ላይ በሚሽከረከረው ቬንቲላቶር ሥር ቀዩን መጽሐፍ ያነባል። የሱው ገና ሻንጣው ውስጥ ነበር። እኔ ያወጣሁለት መስሎት የኔን ከመደርደሪያው አንስቷል።

እናንተን ሁሉ አሰብኩ። ካድሬ አይቶ ዝም ካለ የሚታሰረው እሱ ነው፤ ከተናገረ የምንታሰረው እኛ ነን።

ቀና ብሎ አላየኝም። ምሳ አቀረብኩለት፤ በአንድ እጁ እየጎረሰ ማንበቡን ቀጠለ። አንዴ ብቻ ሳቅ ብሎ፣ የኛ መምህራን እንዲህ አጥርተው ቢጽፉ ኖሮ ትምህርት ላይ ባላንቀላፋን አለ። ሊያወጣጣኝ መሰለኝ። ግቢ ወጥቼ የታጠበ ልብስ መልሼ አጠብኩ። እሁድም እነዚያኑ ገጾች ደጋግሞ ሲያነብ ዋለ።

ከሰዓት በኋላ ጠራኝ። መጽሐፉ ጉልበቱ ላይ ነው።

"ሙሉ፣ ይህን ማን ሰጠሽ?"

ጉሮሮዬ ተዘጋ። እንደማልመልስ ያውቃልና ማምለጫውን ራሱ ሰጠኝ።

"ከሱቅ ዕቃ ተጠቅልሎበት የመጣ ወረቀት ነው በይኝ። አቃጥለዋለሁ፤ ነገሩም እዚሁ ያበቃል።"

አንገቴን መነቅነቅ ይበቃ ነበር። እሱን ደግሞ ለምጄዋለሁ። በልቤ፣ ጌታ ሆይ፣ ካለህ አሁን ድረስልኝ አልኩ።

"የኔ ነው ጋሼ፤ አታቃጥለው። ማን እንደሰጠኝ ግን አልነግርህም።"

ድምፄ እኔኑ አስደነገጠኝ። ያመንኩት ያኔ ነው። ጌታ ይባረክ። አሜን በልባችሁ በሉልኝ።

ጋሼ መጽሐፉን ገለጠ። እዚያ ውስጥ አሽከሩ ታሞበት ጌታን ስለለመነው የመቶ አለቃ አነሳ። በውትድርና ዘመኑ ሁሉ ለበታቹ እንዲያ የሚለምን አለቃ እንዳላየ ነገረኝ።

"ምን ብዬ ወደፊት በሉ እንደምል አስተምረውኛል" አለ ቀስ ብሎ። "ቆስሎ እጄን ለያዘኝ ልጅ ምን እንደምለው ግን ማንም አላስተማረኝም።"

ሰኞ ጠዋት ሻንጣውን ሲያዘጋጅ ሁለት ቀይ መጽሐፍ ከተተ።

"ጋሼ፣ አንዱ ያንተ አይደለም" አልኩት።

"አውቃለሁ።"

"ቢይዙህስ?"

"ማን ይከፍተዋል ብለሽ ነው?" አለና ግንባሬን ስሞኝ ሄደ።

ወደ ሰሜን እንደዘመተ አንድ ሾፌር ነግሮኛል። በሰላም ይሁን ተይዞ ይሁን አላውቅም። ሌሊትና ቀን ለጌታ አደራ እሰጠዋለሁ። ጉሮሮዬን የከፈተልኝ እሱንም እንደማይጥለው አምናለሁ። ክብር ለስሙ ይሁን።

ከመካከላችሁ እንደኔ ከንፈሩን ብቻ የሚያንቀሳቅስ ካለ ዛሬ ይመነው። ቢፈራም ይመነው፤ እኔም አሁን የቆምኩት እየፈራሁ ነው።

ገጾቹ የሉኝም፤ ግን ደጋግሜ አንብቤአቸዋለሁና ተራዬን በቃሌ ልወጣ። እትዬ አስናቀች፣ ሙቀቱን እንታገሠውና መስኮቱን ይዝጉልኝ። ድምፄ ከፍ ሊል ነው።