ከራዲዮ አንቴና የተቆረጡ ቀለበቶች

በትምህርት ቤታችን ጓሮ፣ ከገለባው ዒላማ ጀርባ፣ የድንጋይ ካብ አለ። ፍላጻ ዒላማውን ስቶ ካቡን ሲመታ "ቀጭ!" ይላል፤ ይህን ድምፅ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ከእኔ በላይ የሚጠላ ሰው አልነበረም። ካቡን ለምን አታፈርሱትም ካላችሁ፣ ከካቡ ማዶ የሰው በቆሎ ነው። በቆሎ ውስጥ የገባ ፍላጻ እስከ አጨዳ አይገኝም።

የካርቦን ፍላጻ ሲጎዳ እንደ እንጨት ለሁለት አይሰበርም። ጫፉ ላይ የተሰካው ብረት ወደ ኋላ ይገፋና ቱቦውን ከአፉ ጀምሮ ይሰነጥቀዋል፤ ጥቋቁር ክሮቹ እንደ ዝንብ መከላከያ ጭራ ይበተናሉ። ያንን ፍላጻ እንደገና መወርወር ለእጅም ለዓይንም አደገኛ ነው። ዕቃውን ለማሠለጥነው የቀስት ቡድን የሰጠን አዲስ አበባ ያለ አንድ የቀስት ክበብ ነበር፤ አዲስ ሲገዙ አሮጌውን ላኩልን። ደጋኖቹ ደህና ናቸው። ፍላጻዎቹ ግን ባለቁ ቁጥር ምትክ የምናገኝበት ቦታ የለም።

ቡሬ ላይ ከሌሎች ትምህርት ቤቶች ጋር ልንወዳደር ነበር። ተስፋዬ ሁሉ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ በሆነች፣ ከጅጋ አካባቢ መጥታ ቤት ተከራይታ በምትማር ልጅ ላይ ነበር። እጇ አይንቀጠቀጥም፣ ትንፋሿን መያዝ ታውቃለች። አንድ ቀን ግን ካቡን መታችና ፍላጻው ተተለተለ። ከዚያ ወዲህ ደጋኑን እስከ ግማሽ ብቻ ትስብ ጀመር።

"ምን ነካሽ? እስከ አገጭሽ ሳቢው እንጂ።"

"ብስተውስ ቲቸር?"

"ትስቻለሽ። ምን ይሆናል?"

"ይሰበራላ!"

የፊዚክስ መምህር ነኝና ሰሌዳ ላይ ሠርቼ አሳየኋት። እስከ ግማሽ የተሳበ ደጋን የሚያጠራቅመው ጉልበት ግማሽ ሳይሆን ሩብ ያህል ነው። በደንብ ገባት። ወጥታም ግማሽ ሳበች። ያን ጊዜ ነው ምክር ሳይሆን የማይሰነጠቅ ፍላጻ እንደሚያስፈልጋት የገባኝ።

መፍትሔው ቀላል መሰለኝ፤ ቱቦው እንዳይከፈት አፉ ላይ የብረት ቀለበት ማጥለቅ። ቀለበቱ እንዴት ይጥበቅ? በእኛ አገር ማጭድ እጀታ ሲገባለት ያየ ሰው ይህን አይጠይቅም። የብረቱ ጅራት ይግላል፣ እየጨሰ እንጨቱ ውስጥ ይገባል፣ ሲቀዘቅዝ ነክሶ ይቀራል። ብረት በሙቀት እንደሚሰፋም በዚያው ሰሞን እያስተማርኩ ነበር። ልጅቷ ከሰሉን አራገበች፣ እኔ የጋለውን ቀለበት በጉጠት ይዤ አጠለቅሁት። እንዴት ደስ ብሎኝ ነበር! ቀለበቱ ሸርተት ብሎ ገባ። ወዲያው የሚያንቅ ሽታ ወጣ፤ ቱቦው እንደ ተቀቀለ ጎመን ተልፈሰፈሰ።

"በላነው ቲቸር" አለች ልጅቷ።

የኬሚስትሪ መምህሯ ባልደረባዬ አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፍና ከቤተ ሙከራው ወጣች። "ምን እየጠበሳችሁ ነው?"

"ብረት በሙቀት ስለሚሰፋ..."

"ካርቦኑን አንድ ላይ የያዘው ሙጫስ በሙቀት ምን ይሆናል? ወይስ እሱ የእኔ ክፍለ ጊዜ ስለሆነ አይመለከትህም?"

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሥራው የሦስታችን ሆነ። ማጣበቂያው ከሁለት ማሸጊያ ተጨምቆ፣ ተቀላቅሎ ያለ እሳት የሚደርቀው ዓይነት እንዲሆን ባልደረባዬ ወሰነች። ለቀለበቱ የሚሆነውን እኔ ከራዲዮ ጠጋኝ ሱቅ አገኘሁ፤ የተጣለ አንቴና! ተጎትቶ የሚረዝም አንቴና አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገባ የቱቦ ስብስብ ነው። ውፍረታቸው ስለሚለያይ አንደኛው በፍላጻችን ላይ ልክክ አለ። መንገድ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ።

ከእሱ የምንቆርጠው ቀለበት አጭር መሆን አለበት፤ ከረዘመ ደጋኑ እስከ መጨረሻ ሲሳብ ደጋኑ ላይ ካለው የፍላጻ ማረፊያ ጋር ይጋጫል። ጫፉም ከቱቦው አፍ ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ካለፈ ጫፉ ላይ የሚሰካው ብረት በደንብ ስለማይቀመጥ ይላቀቃል፣ ወደ ኋላ ከቀረ ደግሞ የሚሰነጠቀው ቦታ ራሱ ራቁቱን ይቀራል። ካርቦኑን በብርጭቆ ወረቀት አሻከርን፤ አቧራውን ላለመተንፈስ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግነው። ቅባቱን ለማስለቀቅ አረቄ ይዤ መጣሁ።

"የሚሸጥበትን ቤት እንዴት አወቅኸው?" አለች ባልደረባዬ።

"ለሳይንስ ነው።"

"ጠርሙሱ ለምን ጎደለ ታዲያ?"

ልጅቷ ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን አዞረች። ሙጫውን የምትቀባው እሷ ነበረች፤ ቀለበቱን እያሽከረከረች ስታጠልቅ ሙጫው ዙሪያውን እኩል ይዳረሳል። ከደረቀ በኋላ ፍላጻዎቹን ወርቅ ሠሪ ዘንድ ወስደን መዘንናቸው፤ የከበደውን በሞረድ አቀለልን። ፊታቸው ስለከበደ ዝቅ ብለው ያርፋሉና ልጅቷ ትንሽ ከፍ አድርጋ ማነጣጠር በቅርብ ርቀት ተለማመደች። ካቡ ላይ ሆን ብለን እንወርውርና እንይ ብላቸው ግን ሁለቱም እምቢ አሉኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም አልጨከንኩም።

ቡሬ በሚኒባስ ገባን። ሜዳው ላይ፣ ከዒላማዎቹ ጀርባ፣ የገረጋንቲ ክምር አለ። ልጅቷ ክምሩን ደጋግማ አየችው። በመጀመሪያው ዙር ግማሽ እየሳበች ፍላጻዎቹን ከዒላማው ሥር ሣሩ ላይ ጣለቻቸው።

"እቴ፣ ሳቢው እንጂ!" ባልደረባዬ መቀመጥ አልቻለችም።

የዙሩን የመጨረሻ ፍላጻ ትንሽ ጨመር አድርጋ ሳበችው። በዒላማው ላይ አለፈና ገረጋንቲው ውስጥ "ቀጭ!" አለ። ተመልካቹ "ወይኔ!" ሲል ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ የዳኛውን ፊሽካ እየጠበቅሁ በቆምኩበት እዘል ነበር። ፊሽካው እንደተነፋ ሦስታችንም ሮጥን።

ብረቱ ተፍቋል፣ ቀለበቱ በአንድ በኩል ጎድጉዷል። የቱቦው አፍ ግን ምንም አልሆነም! ውስጡ የተደበቀ ስንጥቅ ካለ ሲጎብጥ ስለሚንጫጫ ፍላጻውን በጆሮዋ አጠገብ ቀስ አድርጌ አጎበጥኩት።

"ምን ይሰማሻል?"

"ምንም።"

"ደግመሽ ስሚ።"

"ምንም ቲቸር! ምንም የለም!" ከእጄ ነጠቀችኝና ራሷ እያጎበጠች አዳመጠች፤ ከዚያ ባልደረባዬም እንድትሰማ በጆሮዋ አጠገብ አጎበጠችላት።

በሁለተኛው ዙር ያንኑ ፍላጻ መጀመሪያ አነሳች። የደጋኑ ክር አገጯን እስኪነካ ድረስ ሳበች። ሲለቀቅ አላየሁትም፤ ገለባው "ጧ" ሲል ብቻ ሰማሁ። ከመሐሉ ትንሽ ወደ ግራ፣ እስከ ላባው ድረስ ሰምጧል። እሱን ለመንቀል አንድ እግሬን የዒላማው መቆሚያ ላይ አስደግፌ ስታገል ከኋላዬ ጮኸች፤

"ቀስ ይበሉ እንጂ ቲቸር፣ ገና ሌላ ዙር አለኝ!"