ሎደሩ የመዘገበው

ቶላን ጭሮ ላይ «የማሽን ሐኪም» ይሉት ነበር፤ ሲያንሰው ነው። ሚኤሶ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ተወልዶ፣ የጎረቤት ሬዲዮ ሲፈታ፣ ፈትቶ መግጠም ሲያቅተው ሲገረፍ አደገ። በኋላ መንገድ የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ኤሌክትሪሻን ሆኖ ተቀጠረ። ያኔ አዳዲሶቹ ሎደሮችና ኤክስካቫተሮች ኮምፒውተር ይዘው መጡና የድሮዎቹ መካኒኮች ግራ ገባቸው። ቶላ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ ገመዱን ከመሪው ሥር ሰክቶ፣ ማሽኑ ያወጣውን የብልሽት ኮድ ያነባል። «ይሄ የዘይት ግፊት ነው፤ ይሄኛው ደግሞ አይጥ የበላው ሽቦ» ይላል፤ ሲከፍቱት እውነትም አይጥ የበላው ሽቦ ይገኛል። «ማሽን ዋሽቶኝ አያውቅም፣ የሚዋሸኝ ኦፕሬተር ነው» ማለት ይወድ ነበር፤ ሰው እስኪሰለቸው ድረስ።

ጌታን የተቀበለ፣ ጸሎት የማያመልጠው ሰው ነው። ምስክርነትም ይወዳል። ምስክርነት ደግሞ፣ መቼም የሰማ ያውቀዋል፣ ሰዓትና ቦታ ካልተጠቀሰበት አይጥምም። ስለዚህ በ2007 ዓ.ም. ነሐሴ ውስጥ አንድ ሐሙስ ማታ በቤት ጸሎት ላይ ተነሥቶ የመሰከረውን ሁሉም ከነደቂቃው ያስታውሱታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ከሾፌሩ ከገብሬ ጋር ከመቻራ ሲመለሱ ጉም መንገዱን ዋጠው። ገብሬ ፒካፑን አንድ ጠመዝማዛ ላይ አቆመ። የቆሙበት ቦታ ደግሞ፣ አይጣል ነው፣ ሾፌሮች ጂን አለበት የሚሉት ገደል አፋፍ ነበር። ጉሙ እስኪገፈፍ ሲጠብቁ ከማዶው ገደል ቀጭን ድምፅ መጣ። ይጮኻል፣ ይቋረጣል፣ እንደገና ይጮኻል። የወፍ አይደለም፤ የሕፃን ለቅሶም አይደለም። ገብሬ አማተበ። ቶላ ግን ከመኪናው ወርዶ አፋፉ ላይ ቆመና ባለ በሌለ ኃይሉ «በኢየሱስ ስም፣ ጸጥ በል!» ብሎ ገሠጸው። ድምፁ ወዲያው ጸጥ አለ። «ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ነበር፣ ሰዓቴን አይቻለሁ!» ሲል ቤቱ በእልልታ ተናወጠ።

በማግሥቱ ዓርብ ገበሬዎች አንድ ሎደር ገደል ገብቶ አገኙ። ኦፕሬተሩ መስዑድ እግሮቹ በመሪውና በወንበሩ መሀል ተጣብቀው ሞቷል። ሐሙስ ብቻውን ወደ ሌላ ካምፕ እየነዳ ነበር፤ የላኩት ደርሷል ብለው፣ የሚጠብቁትም አልተነሣም ብለው ማንም ሳይፈልገው አደረ። ሎደሩ የተገኘው ከዚያው መንገድ በታች ነው እንጂ ድምፁ ከመጣበት ከማዶው ገደል አይደለም፤ ቶላም ሁለቱን ነገር አላገናኘም። ለሚስቱ ለሳምራ «በቅጽበት ነው የሄደው፣ አልተሠቃየም» አሏት። እሷም ይህቺን ይዛ ተጽናናች።

የጋራዡ ኃላፊ ኃይለየሱስ ግን ሌላ ነገር ጻፈ። መስዑድ ነዳጅ ቆጥቦ ሊሸጥ ሞተር አጥፍቶ ቁልቁለቱን ሲንከባለል ሞተ አለ። ወሬው ጭሮ ገበያ ለመድረስ አንድ ቀን አልፈጀበትም። የሳምራ ልጆች «የሌባ ልጆች» ተባሉ።

ሳምራ ቶላ ቤት መጣች። «ወንድሜ ቶላ፣ ማሽን አይዋሽም ትላለህ አሉ። እስቲ ጠይቅልኝ፤ የልጆቼን አባት ስም መልስልኝ» አለችው።

«እጠይቅልሻለሁ እህቴ» አላት፤ ቃሉን ሰጣት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቶላ ባትሪና ላፕቶፑን ይዞ ሎደሩ ወዳለበት ገደል በገመድ ወረደ። ገብሬ መንገዱ ላይ ቀረ። እኩለ ቀን ነው፤ ጉሙ ግን እጅን አያሳይም። ሎደሩ በጎኑ ተኝቷል፤ ጡሩምባው ከማሽኑ አፍንጫ ጋር ተጨፍልቋል። ቁልፉ ቀዳዳው ውስጥ እንደተሰካ አለ። ቶላ የራሱን ባትሪ አያይዞ ቁልፉን ከፈተ።

ጢጥ። ጢጥ። ጢጥ።

የፍሬን ግፊት ሲወርድ የሚጮኸው ማስጠንቀቂያ ነው። ቶላ ይህን ድምፅ በቀን መቶ ጊዜ ይሰማዋል፤ በእንቅልፉም ያውቀዋል። አሁን ግን ድምፁ ወጥቶ ከማዶው ገደል ተጋጭቶ፣ ቀጥኖ፣ የሌላ ፍጥረት ሆኖ ተመለሰ። ከላይ ገብሬ እንደ እብድ ጮኸ፤ «ቶላ! ኧረ ቶላ ውጣ! ያ ነገር ይኸው ከማዶ መጣ!»

ቶላ ቁልፉን ዘጋ። ጸጥ አለ። የላፕቶፑን ገመድ ከመሪው ሥር ሰካ። መዝገቡ ሲከፈት ሁሉም ነገር ከነሰዓቱ ነበር። ሰባት ሰዓት ከሃምሳ ስምንት፣ የፍሬን ግፊት ወረደ፣ ሞተር በሥራ ላይ። መስዑድ ሞተር አላጠፋም፤ ፍሬኑ ነው የከዳው። ከዚያ በታች ሌላ ዝርዝር ነበር። ስምንት ሰዓት ከአሥር፣ ቁልፍ ተከፈተ፣ ተዘጋ። ስምንት ከሃያ፣ ተከፈተ፣ ተዘጋ። እንዲህ እያለ በየአሥር ደቂቃው ዘጠኝ ከአርባ ይደርሳል። ያቺን ሰዓት ሲያይ ቶላ እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ አንዲት መስመር ብቻ አለች፤ አሥር ሰዓት ከሃያ አምስት።

መዝገቡ አንድ ወረቀት ላይ ነው የታተመው። ከላይ ያለውን ማሳየትና ከታች ያለውን መደበቅ ይቻል ነበር፤ መቀስ ቤቱ አለ። አንድ ሌሊት ሙሉ አሰበበት፤ ሌላ ሰው ቢሆን ይቆርጠው ነበር። ቶላ ግን ሙሉውን ለኃይለየሱስ ሰጠ፤ ሁለተኛውን ቅጂ ይዞ ሳምራ ዘንድ ሄደ።

«ሌባ አልነበረም» አላት።

ሳምራ «ያ ረቢ!» ብላ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች፤ ብዙ አለቀሰች። ሲወጣላት ጣቷን የታችኛው ዝርዝር ላይ አደረገች። «ይሄስ ምንድነው?»

ነገራት። ጡሩምባው ስለተሰበረ መስዑድ ቁልፉን እየከፈተ ማስጠንቀቂያውን ያስጮኽ እንደነበር ነገራት። እሱ ራሱ አፋፉ ላይ ቆሞ ምን ሰምቶ ምን እንዳለ፣ ማታውን ምን ብሎ እንደመሰከረ፣ አንድም ሳያስቀር ነገራት። እንድትረግመው ጠበቀ፤ ቢሆንለት ደስ ይለው ነበር። እሷ ግን ወረቀቱ ላይ አቀርቅራ ትቆጥራለች።

«አንተ ስትጮኽ አቆመ?»

«አዎ።»

«ከዚያ በፊት በየአሥር ደቂቃው ነበር?»

«አዎ።»

«ከዚያ በኋላ አርባ አምስት ደቂቃ ሙሉ ዝም አለ?»

«አዎ።»

«የሰው ድምፅ ሰምቶ ነዋ» አለች ሳምራ። «ደረሱልኝ ብሎ ነው ቁልፉን የተወው። ሲጠብቃችሁ ነበር።»