መሬት ትዞራለች

ባለፈው ሳምንት ጂንካ መሬት ቢሮ የምትሠራው ልጅ፣ የማኅተሙ ቀለም ገና የሚሸት አረንጓዴ የይዞታ ደብተር በመስኮት እያቀበለችኝ «ጨርሰናል እናቴ፣ መሬቱ ወደ እርስዎ ዞሯል» ስትለኝ ሳቅ አመለጠኝ። ሳቁ ወዲያው እንባ ሲሆን ግራ ገብቷት ወንበር አቀረበችልኝ፤ እኔ ግን መቀመጥ አልቻልኩም።

ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። መሬት ለአራሹ ከታወጀ ሁለት ዓመት ቢያልፈውም አባቴ ገና አላመነም። ዕድሜውን ሙሉ በወይዘሮ ፀሐይ ባል ማሳ ላይ ገባር ሆኖ ኖሮ ያንኑ ማሳ «ያንተ ነው» ስላሉት፣ እንሰቱ መሀል ሆኖ ኮቴ በሰማ ቁጥር ይደነግጥ ነበር። ወይዘሮ ፀሐይ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከተማ ውስጥ ትንሽ ሱቅ ከፍተው ዝም ብለው ይኖራሉ፤ ስማቸው ሲነሳ ግን አባቴ ሳይታወቀው ከመቀመጫው ይነሳል።

አንድ ቀን መምህራችን አንዲቱን ልጅ ፀሐይ፣ እኔን መሬት አድርጎ ሜዳ ላይ ሲያዞረኝ ዋለ። በጥንት ጊዜ ሊቃውንቱ ሳይቀሩ መሬት ቆማ ፀሐይ ትዞራታለች ይሉ ነበር፣ ያ ሁሉ ተሽሯል፣ መሬት ናት በፀሐይ ዙሪያ የምትዞረው አለን። ራሴ እንደዞረ ቤት ሮጥኩ። ከአባቴ ጋር የምናወራው በአሪኛ ነው፤ ይህን ጉድ ግን በአሪኛ እንዴት እንደሚሉት ስላላወቅኩ፣ በዚያች ጥሬ አማርኛዬ «አባባ! የድሮው ተሽሯል! መሬት ወደ ፀሐይ ይዞራል!» አልኩት።

«ማነው ያለ?»

«መምህር። የመንግሥት መጽሐፍ ላይም አለ።»

አባቴ መቆፈሪያውን ጣለ። የድንበሩን ዛፎች አንድ በአንድ እየነካ፣ ፀሐይ እስክትገባ ድረስ ማሳውን ሲዞር አመሸ፤ እኔ ሞኟ ትምህርቱ ገብቶት የሚያሳየኝ መስሎኝ ከኋላው እየሳቅኩ ዞርኩ።

በማግስቱ እጄን ይዞ ትምህርት ቤት ሄደ። ባርኔጣውን አውልቆ ክፍል ገባና «ጌታዬ፣ ወይዘሮ ፀሐይ መሬት ተመለሰለት እንዴ? እኔ ልጅ ብዙ አለኝ» አለ። ነገሩ ሲገባቸው ተማሪዎቹ አውካኩ። እኔም ከእነሱ እንዳልለይ ብዬ ሳቅኩ፤ ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

መምህሩ ብቻ አልሳቀም። ብርቱካን አንስቶ በጡጫው ዙሪያ እያዞረ ቀስ ብሎ አስረዳው። አባቴ ብዙ ካሰበ በኋላ «ታዲያ ማሳው ሲዞር እኔም ላዩ ላይ ነኝ?» ሲል ጠየቀ።

«አዎ፣ አብረውት ነው የሚዞሩት።»

«እሺ፤ ከኔ ጋራ ከሆነ ይዙር» አለና ባርኔጣውን ደፍቶ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አረሰው፤ ሳቄን አንድም ቀን አላነሳብኝም፣ እኔም ይቅርታ ሳልለው ዘንድሮ ቀበርነው። ከቢሮው ወጥቼ ደብተሩን እንደያዝኩ ማሳው ድረስ ሄድኩና የድንበሩን ዛፎች እየነካሁ ዞርኩት፤ ፀሐይ እንደ ልማዷ ገባች። መሬቱ ዞሯል፤ እሱ ግን አብሮት የለም።